ፎቶዋን ሼር አደረጋችሁ፤ ስሟስ?

ቲክቶክ ላይ አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ቪዲዮ ብቅ ሲል ከሥሩ የሚጻፈውን ታውቁታላችሁ። «ፊልተር ነው?» «ሐበሻ ናት ፈረንጅ?» «የፈጣሪ ሥራ ዕጹብ ነው!» «ዓይኗ ግን የእውነት ነው?» ከዚያ ቀይ ልብ፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጋጠመ መዳፍ ይከተላል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አድናቆት ነው። ቪዲዮው ከገጽ ወደ ገጽ፣ ከዚያም ወደ ቴሌግራም ቻናል ይዞራል፣ ሙዚቃ ይጨመርበታል። አምስተኛው ቻናል ላይ ሲደርስ ልጅቷ የተናገረችው ነገር ተቆርጦ ፊቷ ብቻ ቀርቷል። ስሟም የለም።

ይህን ጠባይ ስማርት ስልክ ያመጣው የሚመስለን ከሆነ ግን ሞኞች ነን። የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት አልቢኒዝም ያለባቸውን ሰዎች የሚያሳዩ የድሮ ሥዕሎች፣ ሕትመቶችና ፎቶዎች አሏቸው። ብዙዎቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ። ደርድሮ ላያቸው ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፦ ከ250 ዓመት በላይ ፊቱ እየቀረ ሰውየው ሲጠፋ ኖሯል። እኔ እነዚህ ሥዕሎች ይታዩ ከሚሉት ወገን ነኝ። የምናይበት ዓይን ግን ሠዓሊው ካዘዘን የተለየ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ። አልቢኒዝም አይጋባም፣ እርግማንም አይደለም። ሰውነት ለቆዳ፣ ለጸጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን በበቂ መጠን የማያመርትበት፣ በዘር የሚወረስ ሁኔታ ነው። በብዛት በሚታየው ዓይነት እናትም አባትም ሳይታወቃቸው ዘረ መሉን ይይዛሉ፤ ልጁ ላይ የሚወጣው ከሁለቱም ሲወርስ ነው። እንዲህ ካሉ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ያለው ዕድል ከአራት አንድ ነው። ዓይን ከብርሃን ይሸሻል፣ ራቅ ያለውን አጥርቶ አያይም። ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። (በነገራችን ላይ «አልቢኒዝም ያለበት» የሚለው አባባላችን ራሱ «ዕዳ ያለበት» ይመስላል። የተሻለ ቃል እስክንለምድ ግን እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹን ደግሞ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

በ1744 ፓሪስ ውስጥ አራት ወይም አምስት ዓመት የሚሆነው ሕፃን ለዕይታ ቀረበ። ወላጆቹ ጥቁር አፍሪካውያን ናቸው፤ እሱ ነጭ ነው። የከተማው ምሁር ሁሉ ሊያየው ሄደ። ቮልቴር አይቶት ጻፈ፣ ሳይንቲስቱ ሞፐርቱዊም አይቶት ጻፈ። ቮልቴር «ይህ ለብቻው የቆመ የሰው ዘር ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። ሞፐርቱዊ ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ ምን እንደሚተላለፍ ለመመራመር ተጠቀመበት፤ በዛሬ ዕውቀት ስንመዝነው እሱ ይሻላል። የአንዱ ጽሑፍ ርዕስ ልጁን «ነጭ ሙር» ይለዋል፣ የሌላኛው «ነጭ ኔግሮ»። ሁለት ትልልቅ ጭንቅላቶች አንድ ሕፃን ፊት ቆመው ስለ ቆዳ ነው የተከራከሩት።

ነገሩ ወደ ሥዕል ሲመጣ የባሰ ሆነ። በ1777 የታተመው የቡፎን የተፈጥሮ ታሪክ ተጨማሪ ጥራዝ ውስጥ ዤኔቪየቭ የምትባል ወጣት አለች። ዶሚኒካ ደሴት ላይ ከጥቁር ወላጆች የተወለደች፣ ዕድሜዋ 18 አካባቢ የሆነች ልጅ ናት። ቡፎን ራሱ መረመራት፤ ፊቷንና ሰውነቷን ክፍል በክፍል ለካ፣ ልኬቱንም አሳተመው። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ሥዕል ላይ ራቁቷን ቆማለች። በዚያ ዘመን የአንድ ባላባት ልጅ ብትሆን ኖሮ ሠዓሊው በሐር ቀሚስ ጠቅልሎ ነበር የሚሥላት። ስም ተሰጥቷት እንኳ ከስም ያለፈ ነገር የለም። ምን ትወድ ነበር? ፓሪስ ስትደርስ ብርዱን እንዴት ቻለችው? ያን ያህል ገጽ ስለ እሷ ተጽፎ ይህን የሚመልስ አንድ መስመር አላገኘሁም።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወደ ንግድ ገባ። አሚሊያ ኒውሻም ጃማይካ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እንግሊዝ የመጣች ሴት ናት፤ ለብዙ ዓመታት ሰው እየከፈለ ያያት ነበር። በ1790ዎቹ ምስሏ በመዳብ ሳንቲም መሰል ማስታወቂያ ላይ ተቀረጸ። ያሳተመው ቶማስ ሆል የሚባል፣ የሞቱ እንስሳትን ቆዳ ሞልቶ የሚያሳይ የለንደን ነጋዴ ነበር። ሰውየው ያወጣው ሌላ ሳንቲም ላይ ካንጋሮ፣ አርማዲሎና አውራሪስ ተቀርጸዋል። ሁለቱን ሳንቲሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ፤ በእሷ ሳንቲም ላይ «ወይዘሮ» ተብላ ነው የተጻፈችው። ባል ያገባች፣ ልጆች የወለደች ሴት ነበረች። በዚያ ሁሉ ውርደት መካከል ያቺ አንዲት ቃል ሾልካ መግባቷ ደስ ይለኛል።

ከዚያ አሜሪካ። በ1857 የኒው ዮርኩ ትርዒት ነጋዴ ባርነም አምስተርዳም ላይ የሉካሲ ቤተሰብን አገኘ፤ አባት፣ እናትና ልጅ ሁሉም አልቢኒዝም ያለባቸው። ሆላንድ ውስጥ ነጭ መሆን ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ሰውየው ታሪክ ፈጠረላቸው፤ ከማዳጋስካር የመጡ፣ ጥቁር ወላጆች ያሏቸው ናቸው አለ። ከሪየር እና አይቭስ የሚባለው የታወቀ ማተሚያ ቤት ይህንኑ ውሸት ከሥሩ ጽፎ ምስላቸውን በቀለም አሳተመ። ማቲው ብሬዲ ደግሞ፣ ሊንከንን ያነሳው ራሱ ብሬዲ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ፎቶ አነሳቸው። ረጅም ነጭ ጸጉራቸው ተለቆ፣ ምርጥ ልብስ ለብሰው ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፎቶዎች በየትርዒቱ በር ላይ ይሸጡ ነበር፤ ሰው ገዝቶ ቤተሰቡ አልበም ውስጥ ከአያቱ ፎቶ አጠገብ ይለጥፋቸዋል። የዚያ ዘመን ሼር ማለት ነው።

ስለ ፎቶው ራሱ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያልጠረጠረው ነገር እዚህ አለ። የዚያን ጊዜው የፎቶ ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃንን አብልጦ ይቀበላል፣ ቀይን አያይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊ ዓይን ፎቶው ላይ ነጭ ሊሆን ምንም አይቀረው። አልቢኒዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዓይናቸው ሰማያዊ ወይም ግራጫ ነው፤ ቡናማ የሆነም አለ። በድሮ ፎቶ ላይ የምታዩት ያ ባዶ፣ «የሙት» የሚመስል ዓይን ከኬሚካሉ የመጣ ነው። በዚያ ላይ ፎቶ ለመነሳት ኃይለኛ ብርሃን ፊት ለፊት ለሰከንዶች ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ብርሃን ለሚያሠቃየው፣ ሳያዙት ወዲያ ወዲህ ለሚል ዓይን ያ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፊታቸው ላይ ያለውን መኮሳተር «እንግዳ ጠባይ» ብለው የጻፉ ነበሩ። እኔ ግን የማየው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ የገባበትን ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘኝ የሙዝ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ጆርጅና ዊሊ ሙዝ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ትሩቫይን በምትባል የትምባሆ ገጠር፣ የሰው መሬት በእርቦ የሚያርሱ ጥቁር ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ልጆች ሳሉ ወደ ሰርከስ ተወሰዱ፤ ቤተሰቡ «ተሰረቁብን» ነው የሚለው። ለእነሱ ደግሞ እናታችሁ ሞታለች ተባሉ። ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ጸጉራቸው እንዲረዝምና እንዲገመድ ተደረገ፣ ስማቸው ተቀማ፣ «ኤኮ እና አይኮ» ተባሉ። አስተዋዋቂዎቹ ትርጉም ባለው ነገር አልተጨነቁም፤ አንዴ የኢኳዶር ሰው በላዎች፣ አንዴ በግ ራስ ሰዎች፣ አንዴም «የኢትዮጵያ የዝንጀሮ ሰዎች» ተብለዋል። አዎ፣ የእኛም አገር ስም እዚያ ፖስተር ላይ ውሏል። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ሰርከስ ተመልካች ሩቅ፣ ጥቁርና የማትታወቅ መሆኗ በቂ ነበር። በመጨረሻ የጸናው ግን «ከማርስ የመጡ አምባሳደሮች» የሚለው ነው።

የሰርከሱን ሠራተኞች ሁሉ አሰልፎ በሰፊ ካሜራ የሚያነሳ ኤድዋርድ ኬልቲ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። በእሱ ፎቶዎች ላይ ወንድማማቾቹን ታገኟቸዋላችሁ። ጥራቱ ያስገርማል፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ይታያል። ውሸቱም በዚያው ልክ ጥርት ብሎ ተነስቷል። በ1927 ሰርከሱ ሮአኖክ ከተማ ሲደርስ እናታቸው ሃሪየት ሙዝ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ጊዜው ጥቁር ሰው ነጮች በሚያዝዙበት ቦታ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ የሚገደልበት ጊዜ ነው። ልጆቿን አገኘቻቸው፣ ይዛቸው ወደ ቤት ሄደች፣ ሰርከሱንም ከሰሰች። በኋላ ተመልሰው ሲሠሩ እየተከፈላቸው ነበር። ዊሊ እስከ 2001 ኖሮ በ108 ዓመቱ አረፈ። ጋዜጠኛዋ ቤት ሜሲ በ2016 ሙሉ መጽሐፍ ጽፋላቸዋለች። እስኪ አስቡት፤ የፎቶው ገዢዎች «ማርስ» ሲያነቡ እሷ ግን ልጆቿን አየች። ልዩነቱ ያለው በማየት ብዛት አይደለም፤ የፎቶው ገዢዎችም ለማየት ከፍለዋል።

ይህ ሁሉ የነጮች ታሪክ ነው ብለን እንዳንሸሽ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የተጻፈ አንድ ምስል አለ፤ ያለበት መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘውም በግዕዝ ብቻ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ መጨረሻው አካባቢ የኖኅን ልደት ይተርካል። ሕፃኑ ሲወለድ ሰውነቱ እንደ በረዶ የነጣና እንደ ጽጌረዳ የቀላ፣ ጸጉሩ እንደ ነጭ ሱፍ፣ ዓይኑም ቤቱን የሚያበራ እንደነበር ይናገራል። አባቱ ላሜሕ ደነገጠ፤ ይህ ከእኔ አይደለም፣ የመላእክት ልጅ ይመስላል ብሎ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሮጠ። ማቱሳላም እስከ ምድር ዳርቻ ሄዶ ሄኖክን ጠየቀ። የሄኖክ መልስ የሚገርም ነው፤ ልጁ በእውነት የላሜሕ ልጅ ነው፣ ስሙንም ኖኅ በሉት የሚል። አርኖልድ ሶርስቢ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በ1958 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ «ኖኅ አልቢኖ ነበር» የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። እኔ በዚህ አልከራከርም። ቅዱስ መጽሐፍ የሕክምና ካርድ አይደለም፣ ቤት የሚያበራ ዓይንም የትኛውም ክሊኒክ ውስጥ የለም።

የሚያሳስበኝ የአባትየው ድንጋጤ ነው፤ ዛሬም አለና። በሙት ባሕር ዳርቻ ዋሻ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ ይህንኑ ታሪክ በአራማይክ ሲያወራ ላሜሕ ሚስቱን ያፋጥጣታል፤ የማን እንደሆነ እውነቱን ንገሪኝ ይላታል። አሁንም እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ ጥያቄ የሚነሳባት እናት ናት። «ከፈረንጅ ነው እንዴ?» የሚለው የሰፈር ቀልድ ለተናጋሪው ቀልድ ነው፤ ለአራስ ቤቷ አይደለም። ከአራት አንድ የሚለውን ሒሳብ ያስቀደምኩት ለዚህ ነበር። ከአባትም ይመጣል፣ እኩል።

«የመላእክት ልጅ» የሚለውም ቢሆን እንደ ሙገሳ ብቻ አይወሰድ። ፓናማ ውስጥ የሚኖሩት ጉናዎች አልቢኒዝም ያለባቸውን «የጨረቃ ልጆች» ይሏቸዋል። ጨረቃ ስትጋረድ ዘንዶ እየዋጣት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ወጥተው ዘንዶውን በቀስት የሚወጉት እነሱ ናቸው። ውብ እምነት ነው፤ ከሰርከስ ድንኳን በእጅጉ ይሻላል። ግን መልአክም፣ የጨረቃ ልጅም፣ የማርስ አምባሳደርም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሰው ከሚባለው ሰልፍ ያስወጣሉ። ከሰልፉ የወጣ ሰው ላይ ደግሞ ምን ሊደረግ እንደሚችል አፍሪካችን በቅርቡ አይታለች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ታንዛኒያና ማላዊ ውስጥ አካላቸው ለጥንቆላ ዕድል ያመጣል በሚል ሰዎች ተገድለዋል፣ ሕፃናት እጃቸው ተቆርጧል። የተባበሩት መንግሥታት በሚጠቅሰው ግምት ታንዛኒያ ውስጥ ከ1,400 ሰው አንዱ አልቢኒዝም አለበት። ጠቅላላ ጉባዔው በ2014 ሰኔ ወር ላይ የሚውለውን (ጁን 13) ቀን መታሰቢያ አድርጎ የሰየመው ከዚህ በኋላ ነው።

ሲኒማውም ከድንኳኑ ብዙ አልራቀም። «ዳ ቪንቺ ኮድ» ላይ ነፍሰ ገዳዩ መነኩሴ ሲላስ አልቢኖ ነው፤ መጽሐፉ በ2003፣ ፊልሙ በ2006 ወጣ። ያ ሰው መኪና ያከንፋል፣ አልሞ ይተኩሳል። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦም ጥቁር ሰሌዳውን ለማንበብ ይቸገራል፤ ጸሐፊው ይህን እንኳ አልጠየቀም። አሜሪካ ያለው ማኅበር ነገሩን ተቃውሟል። የማኅበሩ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ኖኅ።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ክፉውን በጎን አዙረው፣ በአንድ ዓይን ነበር የሚሥሉት፤ ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ያያችኋል። ይህ ሥርዓት ነው፣ ተመልካቹም ያውቀዋል። ሆሊዉድ የነጣ ቆዳን እንደዚያ የክፋት ምልክት አድርጎ ሲጠቀም ግን የወሰደው በየቀኑ ታክሲ የሚሳፈር፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ የእውነተኛ ሰው መልክ ነው።

ታዲያ እነዚህን ሥዕሎች እናጥፋቸው? አንዳንድ ሰው፣ በተለይ የሚነካው ሰው፣ የዤኔቪየቭ ራቁት ምስል ኢንተርኔት ላይ ለምን ይኖራል ብሎ ቢቆጣ እረዳዋለሁ። ለመዝናኛ ሲለጠፍ እኔም ይቆጨኛል። ከነጭራሹ ይደበቅ የሚለውን ግን አልቀበልም። ሳንቲሙን ብንደብቀው የሚያመልጠው ቶማስ ሆል ነው እንጂ የምትከበረው አሚሊያ አይደለችም። ይልቅ መግለጫው ይቀየር። ብዙ ቦታ ዛሬም የሥዕሉ ርዕስ ሆኖ የሚነበበው የድሮው የስድብ ስም ነው፤ የታወቀ ስም ካለ እሱ ይቅደም፣ ማን አሠራው፣ ማን አተረፈበት የሚለው ይከተል። የሉካሲ ፎቶ ሥር «ከማዳጋስካር» የሚል ነገር ካለ ውሸት መሆኑ እዚያው ይጻፍ። ቴሌግራም ላይ «አስገራሚ የድሮ ፎቶዎች» የሚል ቻናል ያላችሁ ልጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። የሙዝ ወንድማማቾችን ፎቶ ስትለጥፉ «ጆርጅ እና ዊሊ ሙዝ» ብላችሁ ለመጻፍ ሦስት ሰከንድ ይበቃል።

ስልካችሁስ? የራሳችሁ ጓደኛ፣ የክፍል ልጅ፣ የአክስት ልጅ አልቢኒዝም ካለባት ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ ዓይኗን ከማሠቃየቱም በላይ ከዓይኗ ጀርባ ያሉትን የደም ሥሮች እያንጸባረቀ ያንን «ቀይ ዓይን» የሚባለውን ተረት ይፈጥራል። ብዙ ሆናችሁ ስትነሱ ካሜራው ብዙ ጊዜ ለጠቆረው ፊት ብርሃን ይጨምርና የእሷ ፊት ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ጣታችሁን ፊቷ ላይ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች ሳቡት፣ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ወዲያው ይወጣል። ፀሐይ ላይ አታቁሟት፣ ጥላ ፈልጉ፤ ለሁላችሁም ያምራል። ከመለጠፋችሁ በፊት አሳዩአት። ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ እሷ ትንገራችሁ፤ አይለጠፍ ካለችም አይለጠፍ።